ማሽን ሆኜ ያረምኩት ፈተና

አስተማሪዎች ስለ እርማት ሲያወሩ ሰምታችሁ ከሆነ ሁሉም ፍትሐዊ ናቸው። በዚህ ሁሉ የማስተማር ዘመኔ «እኔ እንኳ ሳርም አዳላለሁ» ያለኝ አንድም ባልደረባ አላጋጠመኝም። እኔም ፍትሐዊ ነበርኩ። እንዲያውም ከሁሉም የባስኩ ፍትሐዊ ነበርኩ፤ ጣጣዬም የመጣው ከዚያ ነው።

በደርግ ዘመን መገባደጃ ላይ መተማ ውስጥ ሒሳብ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤታችን ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ከተጨመሩለት ብዙም አልቆየም፤ አዲሶቹ ክፍሎች ግድግዳቸው የማሽላ አገዳ፣ መስኮታቸው በአገዳው መካከል ያለው ክፍተት ነበር። ስለ ሙቀቱ አልነግራችሁም። እዚያ የኖረ ሰው እንዲነገረው አይፈልግም፤ ያልኖረ ደግሞ አያምነኝም።

አንድ ክረምት ለሒሳብ መምህራን በተዘጋጀ ሥልጠና ወደ ዋና ከተማው ተላክሁ። ሥልጠናው ሊያበቃ ሲል ኮምፒዩተር እንድናይ ወሰዱን። ማሽኑ በመስታወት በታጠረ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቀዝቃዛ አየር ይነፋለታል። ሰው በሐሩር በሚነድበት አገር ለዕቃ ሲነፋለት ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ አድናቆት ሳይሆን ቅናት ነው። ተሰልፈን ተራ በተራ ቁልፎቹን እንድንነካ ተፈቀደልን። የስሜን ሦስት ፊደላት እንደ መታሁ ከኋላዬ ያለው ሰው ገፋኝ። ከኮምፒዩተር ጋር የነበረኝ ትውውቅ ይኸው ነው፤ ከዚህ ያለፈ የለም።

መተማ ስመለስ ግን በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተናገርኩት ሌላ ነው። «ሠርቼበታለሁ» አልኩ። ቀጥሎም «ያን ያህል አይከብድም» አልኩ። ርዕሰ መምህራችን ጥግ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ሳይስቁ የሚያዳምጡ ሰው ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ጉራ መንዛት እንደማይገባ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠሩኝና ከአውራጃው የመጣ ደብዳቤ አሳዩኝ። የሠለጠነ ሰው ያላቸው ትምህርት ቤቶች የኮምፒዩተር ትምህርት በሙከራ እንዲጀምሩ ይላል።

«ጓድ ርዕሰ መምህር፣ እኛ ዘንድ እኮ ኮምፒዩተር የለም» አልኳቸው።

«እሱን አውቃለሁ። ደብዳቤው የሚጠይቀው የሠለጠነ ሰው ነው። ስለ ኮምፒዩተር የሚለው ነገር የለም።»

«በቀን መብራትም የለም።»

ደብዳቤውን አንሥተው ከላይ እስከ ታች እንደገና አነበቡት። «ስለ መብራትም አይልም» አሉኝ።

ከደብዳቤው ጋር የውጤት መሙያ ቅጽ መጥቷል። ጽሑፍ ከመቶ አርባ፣ የተግባር ፈተና ከመቶ ስድሳ። ማስተማሩስ ይሁን፤ በሰሌዳ ላይ ሥዕል እየሣልኩ የማላውቀውን ለማያውቁት እነግራለሁ፤ ብዙ ትምህርት የሚሰጠው እንዲሁ ነው። ግን የተግባሩ ስድሳ በምን ይታረም? ባልደረቦቼ «ለሁሉም አርባ አምስት፣ አርባ አምስት ስጥና ተገላገል» አሉኝ። ተቆጣሁ። አንድ ሳምንት አሰብኩና መላውን አገኘሁት፦ ማሽኑ እኔ እሆናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ማለት የታዘዘውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚፈጽም ነገር ነው ተብለናል። ስለዚህ ተማሪው ትእዛዙን ቁጥር እየሰጠ በወረቀት ይጽፋል፤ እኔ የተጻፈውን ብቻ እፈጽማለሁ። የተፈለገው ውጤት ከተገኘ ስድሳ፣ ካልተገኘ ዜሮ። መሐል ላይ የሚሰጥ ነጥብ የለም፤ ማሽን አይራራም። ሦስት ደንብ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ። አንደኛ፣ ማሽኑ ያልተጻፈ ነገር አያውቅም። ሁለተኛ፣ ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለ ያናገረው ወይም የነካው ተማሪ ዜሮ ያገኛል። ሦስተኛ፣ ጥፋት ሁልጊዜ የትእዛዝ ጸሐፊው እንጂ የማሽኑ አይደለም። በሦስተኛው ደንብ በጣም እኮራ ነበር። በዚያን ጊዜ በዚህ ደንብ የሚኖር ሰው እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ፣ አንዳንዱም በደንቡ ትልቅ ወንበር ላይ እንደ ደረሰ ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ ውሃ መጠጣት ነበር። አንዱ ተማሪ «ብርጭቆውን አንሣ፤ ወደ አፍህ አስጠጋ፤ አጋድል» ብሎ ጻፈ። አፍህን ክፈት የሚል የለም። አጋደልኩት። ውሃው በአገጬ ወርዶ፣ ደረቴን አርሶ፣ ሱሪዬ ውስጥ ገባ። በዚያ ሙቀት፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ እየተደሰትኩ የሰጠሁት ዜሮ የለም።

ሁለተኛዋ ዘይነብ ነበረች። አባቷ ገበያው መግቢያ ላይ ጀላቢያና የሻይ ቅጠል የሚነግዱ የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ እሷ ደግሞ ምላሷ ከአባቷ ሚዛን ይልቅ የቀና ነው እየተባለች የምትታማ ልጅ ነበረች። ያቀረበችው ወረቀት ሦስት መስመር ብቻ ነው፦ አንድ፣ ከሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ሥር ቁም። ሁለት፣ ምሰሶውን አንድ ጊዜ ዙር። ሦስት፣ ወደ ሁለተኛው ትእዛዝ ተመለስ።

አጭርና ግልጽ ነው ብዬ አደነቅሁና ጀመርኩ። መውጫ እንደሌለው የገባኝ አራተኛው ዙር ላይ ነው። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ናት። ማሽን ደከመኝ አይልም። አሥረኛውን ዙር ሳልፍ የአጥሩ ዳር በገበያተኛ ተሞላ፤ አንዲት ሴት «እኔን! ፀሐይ መትቶት ነው፣ ውሃ አፍሱበት» ስትል ሰማኋት፤ ጆሮ እንዳለኝ ስላልተጻፈ መልስ አልሰጠሁም። ርዕሰ መምህራችን ከቢሯቸው ወጡ።

«መምህር! ምን እያደረጉ ነው?»

ዞርኩ።

«ዘይነብ፣ መምህሩ ምን ሆነው ነው?»

«ምንም አልሆኑም፣ ጓድ ርዕሰ መምህር። እየሠሩ ነው» አለች።

በመጨረሻ ወደቅሁ፤ ጥላ ሥር አጋደሙኝ። ወተት ያመጣም፣ ጠበል ያመጣም ነበር። ሦስት ቀን ተኝቼ ሳስብ የቆየሁት ግን ስለ ራስ ምታቴ ሳይሆን ስለ ነጥቡ ነው። ልጅቷ የፈለገችው እንድዞር ነበር፤ ዞርኩ። ስድሳ ሰጠኋት። ከዚያ ቀን በኋላ የተማሪዎቹ አክብሮት ለሙያው ጨመረ፤ ለእኔ ያላቸው ግን ለክፉም ለደጉም ባለበት አልቆየም።

አሁን ስለ አንማው ልንገራችሁ። አንማው የጎጃም ሰው ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሰሊጥ ሊያርም ወደ ቆላ ወርዶ፣ ሌሎቹ ሳሉጎች፣ ማለትም ወቅት ጠብቀው የሚወርዱት የጉልበት ሠራተኞች፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሱ እዚያው ቀረ። ጧት በመንግሥት እርሻው ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ይማራል። እስክሪብቶ በእጁ ውስጥ ስንጥር ትመስላለች። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጽፋል፤ የጻፈውንም ለራሱ አንብቦ «እንዲያ ነው» ይላል።

በዚያ ዓመት በትምህርት ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ዕድሜው ከሃያ ያለፈ ተማሪ በመንፈቀ ዓመቱ በአንድ ትምህርት እንኳ ቢወድቅ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ስሙም ለቀበሌ ይተላለፋል። ቀበሌ የተላለፈለትን ስም የት እንደሚልክ መንገር አያስፈልግም ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከእኛ ዘንድ ሦስት ልጆች ወደ ማሠልጠኛ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ሄደዋል፤ ከአንዳቸውም ደብዳቤ አልመጣም። አንማው በሌላው ትምህርት ሁሉ ደህና ነው። በእኔው በኮምፒዩተር የጽሑፍ ፈተና ከአርባ ሃያ አራት አግኝቷል። ለማለፍ የሚቀረው ሃያ ስድስት ነው። የእኔ ማሽን ደግሞ ስድሳ ወይም ዜሮ እንጂ ሃያ ስድስት የሚባል ነገር አያውቅም።

አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ጠብቆ አነጋገረኝ።

«መምህር፣ እንደው ትንሽ ተሳስቶ ብዙውን ላገኘ ሰው ግማሽ የሚባል ነገር የለም?»

«ማሽን ግማሽ አያውቅም፣ አንማው።»

«ማሽኑስ አያውቅም። እርስዎስ?»

«እኔ በፈተና ሰዓት የለሁም» አልኩት። ይህን መልስ አስቀድሜ ያዘጋጀሁት አልነበረም፤ ስናገረው ግን ጥሩ ሆኖ ተሰማኝ።

«ይሁን እንግዲህ» አለና ሄደ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ርዕሰ መምህራችን ትምህርት ከምርት ጋር መያያዝ አለበት ብለው ፈተናው በመንግሥት እርሻው ላይ እንዲሆን ወሰኑ። ወቅቱ የሰሊጥ ማራገፊያ ነው። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ሰሊጥ ታጭዶ በነዶ በነዶ ይታሰርና ነዶዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ ጫፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ይቆማሉ። ክምሩ ሂላ ይባላል። ሲደርቅ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት አፉን ወደ ላይ ይከፍታል። ከዚያ በኋላ ነዶው የተሞላ ጽዋ ማለት ነው፤ ቀጥ አድርገው ተሸክመው ሸራ ድረስ ይወስዱታል፤ ሸራው ላይ ሲደርስ ብቻ ይዘቀዝቁትና በዱላ መታ መታ ያደርጉታል። ሥራው በሙሉ ይኸው ነው።

የእርሻው ኃላፊ ጓድ ይመር ይባላሉ፤ ወሎዬ ናቸው፤ ከትራክተር ነጂነት ተነሥተው ኃላፊ የሆኑ ሰው። ዳር ላይ ካሉት ሂላዎች አንዱን ለፈተናው ፈቀዱልንና ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ። ጥያቄዬ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ማሽኑ ከሂላው አንድ ነዶ አንሥቶ ሰሊጡን ሸራው ላይ እንዲያራግፍ እዘዙ።» አርባ ሁለት ተማሪዎች በጭነት መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጻፉ። ወረቀቱን ሰበሰብኩ። ሸራው ከሂላው ሠላሳ እርምጃ ያህል ይርቃል።

የመጀመሪያውን ወረቀት አነበብኩ። «አንድ፣ ነዶውን አንሣ። ሁለት፣ ወደ ሸራው ውሰድ። ሦስት፣ ዘቅዝቀህ ምታ።» በየትኛው በኩል ይያዝ አይልም። ጎንበስ አልኩና ለእጄ የቀረበውን ሥሩን ያዝኩ። ብድግ ሳደርገው ጫፉ ወደ ታች ተንጠለጠለ። በዚያው ሄድኩ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። አውቅ ነበር። አራት ዓመት በሰሊጥ አገር ኖሬያለሁ፤ ነዶ እንዴት እንደሚያዝ በዚያ አገር ፍየሉም ያውቃል። ግን አልተጻፈም።

ሰሊጡ ድምፅ አለው። ሻ እያለ ይወርዳል። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ክረምቱ ሲያልፍ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የወረደለትን ሁሉ ዋጠ። ሸራው ዘንድ የደረስኩት አገዳ ይዤ ነው። ነዶው ቀድሞም ተዘቅዝቋል፤ መታሁት፤ ሁለት ሦስት ፍሬ ወረደ።

«ዜሮ» አልኩ።

አንድም ተማሪ አልተናገረም። ደንብ ነው። ሁለተኛውን ወረቀት አነበብኩ፤ እሱም ያው ነው። ሁለተኛው ነዶ ፈሰሰ። «ዜሮ።» ሦስተኛው ያው። «ዜሮ።» ቀና ስል አንማውን አየሁት። ከፊት ቆሞ የሸሚዙን አንገትጌ ነክሷል፤ ዓይኑ እኔን ሳይሆን ስንጥቁን ያያል። ያን ሰሊጥ አርሞታል፣ አጭዶታል፣ አስሮታል፣ አቁሞታል።

አራተኛውን ነዶ አንሥቼ ሁለት እርምጃ እንደ ተራመድኩ አንማው ዘሎ መጣ።

«ኧረ የማርያም ያለህ! ቀና ያድርጉት! ቀና!»

ነዶውን በሁለት እጁ ከእጄ ነጠቀኝና ገልብጦ ደረቱ ላይ አቀፈው። እኔም ለቀቅሁለት። ከዚያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሮስተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ስሙን ፈለግሁ፤ በቀለም በስሙ አንጻር ዜሮ ጻፍሁ። የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው። ዜሮዋ ክብ ነበረች።

በዚህ መሐል ነው ጓድ ይመር የተመለሱት። ከትራክተሩ ሲወርዱ ያዩት ሦስት ባዶ ነዶ፣ መሬት ላይ የፈሰሰ ሰሊጥ፣ መሐል ላይ ደግሞ ነዶ ታቅፎ የቆመ አንማውን ነው።

«አንተ! የመንግሥት ሰሊጥ ለጉንዳን ነው እንዴ የምትበትነው? ይኼ እኮ አሻጥር ነው!»

በዚያን ጊዜ አሻጥር ትንሽ የሚባል የላትም ነበር። አንማው ነዶውን አጥብቆ አቀፈው። ዘይነብ እኔን አየችኝ። እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደለካሁት አላውቅም፤ ሦስት ትንፋሽ ያህል ነው ዝም ያልኩት። ለመናገር ትእዛዝ የምጠብቅ ይመስል።

«እሱ አይደለም» አልኩ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ።»

ጓድ ይመር ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ? አስተማሪ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ሰክረሃል?»

«አልሰከርኩም። ታዝዤ ነው።»

«ማን አዘዘህ?»

«ተማሪዎቹ።»

«ተማሪዎቹንስ ማን አዘዘ?»

«እኔ።»

«አንተንስ?»

«ርዕሰ መምህሩ።»

«እሳቸውንስ?»

«አውራጃው።»

ጓድ ይመር ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ብልህ ሰው ናቸው፤ ጥያቄው ወዴት እንደሚያመራ ገባቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ።

«ነዶ ሲዘቀዘቅ እንደሚፈስ አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ማሽን ሆኜ ስለነበር ነው።»

«ማሽን!» አሉ። «እኔ ዕድሜዬን በማሽን ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ትራክተር እንኳ ያለ አግባብ ስትይዛት ትጮሃለች፤ ታጨሳለች፤ አልሄድም ትላለች። ዝም ብሎ የሚያፈስ ማሽን አላየሁም። አንተ ምን ዓይነቱ ነህ?»

ለርዕሰ መምህሬ በጽሑፍ እንዳስታውቅ አዘዙኝና ወደ አንማው ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ በል ያቀፍከውን ወስደህ አራግፍ።» አንማው ሠላሳውን እርምጃ እንቅልፍ ላይ ያለ ሕፃን እንደ ተሸከመ ሰው ተራመደ። በዚያ ፈተና ሸራው ላይ የደረሰው ሰሊጥ ያ ብቻ ነው።

የቀሩትን ወረቀቶች ሌሊቱን በንባብ ብቻ አርሜ፣ በማግስቱ ጧት ርዕሰ መምህራችን ፊት ቆምኩ። «የአንማውን ዜሮ ላጥፋ» አልኳቸው።

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ሮስተር ተቀባይነት የለውም። ዛሬ ወደ አውራጃ ይሄዳል።»

«ልጁ እኮ ይሰረዛል። ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ። «ወረቀቱን እንየው እስቲ። ትእዛዙ ትክክል ከሆነ ነክቷል ተብሎ ብቻ አይጣልም፤ ለእሱ እኔ እከራከራለሁ።»

የአንማውን ወረቀት አወጣሁ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አነበብን። ሃያ ሦስት ትእዛዝ ነው። የነፋሱን አቅጣጫ እይ ይላል። ሸራውን ዘርግተህ አራቱን ማዕዘን ድንጋይ ጫንበት ይላል። ላብህ ሸራው ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባርህን ጥረግ ይላል። ዱላው ከአውራ ጣትህ አይወፍር ይላል። ነዶውን ቀጥ አድርገህ ያዝ የሚል ግን የለም። ሁለት ጊዜ ፈለግን።

«ይህንን ማን ይጽፈዋል?» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ስሄድ እግሬን መሬት ላይ አድርጌ ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ?»

ነበረ። ከአርባ ሁለቱ ወረቀት አንዱ ብቻ «ጫፉን ወደ ሰማይ አድርገህ ያዝ» ይላል፤ እሱም የዘይነብ ነው፤ ስድሳ ያገኘችውም እሷ ብቻ ናት። በሕይወቷ ሰሊጥ ነክታ የማታውቀው ዘይነብ። በኋላ ስጠይቃት «ስለማላውቅ ከፈተናው በፊት ጠየቅሁ» አለችኝ። «ማንን?» ብላት፣ «አንማውን። ስቆብኝ ነው የነገረኝ» አለች።

ርዕሰ መምህራችን ቅጹን አገላበጡት። ከዚያ ጀርባው ላይ አንድ ዓምድ አገኙ። ጣታቸውን አሳረፉበት፦ «በመሣሪያ ብልሽት ምክንያት ያልተፈተኑ።» ይህ ሲሞላ የተግባሩ ነጥብ ይሻርና የጽሑፉ ብቻ ከመቶ ይሰላል ይላል። ሃያ አራት ከአርባ ማለፊያ ነው።

«የክፍሉ ሁሉ ይሻራል» አሉ። «የተበላሸው መሣሪያ ደግሞ በዝርዝር ይገለጻል፤ ይፈረምበታል። እስኪያስቡበት ልወጣልዎት?»

«ግድ የለም» አልኩና ብዕሬን አወጣሁ። የመሣሪያው ስም በሚለው ላይ ስሜን ከነአባቴ ጻፍሁ። የተሠራበት ቦታ፦ ጎንደር። የአገልግሎት ዘመን፦ ዕድሜዬን። የብልሽቱ ዓይነት የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ብዙ ነገር መጻፍ ይቻል ነበር፤ ያነበብኳቸውን መጻሕፍት ሁሉ እየጠራሁ ሦስት ገጽ መሙላት እችላለሁ። በመጨረሻ የጻፍሁት ይህን ነው፦ «እያወቀ እንደማያውቅ ይሆናል።»

ርዕሰ መምህሩ አነበቡት። ሳይስቁ።

«ብልሽቱ ተጠግኗል ወይስ አልተጠገነም? ይህንንም ይጠይቃል።»

«አላውቅም» አልኩ።

«አላውቅም ብለው ይጻፉ እንግዲህ» አሉና ማኅተሙን እፍ ብለው አሳረፉበት።

ዘይነብ ሮስተሩ ሲለጠፍ መጣች። «መምህር፣ የእኔ ስድሳ የት ሄደ?»

«ተሻረ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ዝርዝሩን እስከ አንማው ስም ድረስ በጣቷ ወረደች። ማለፉን አየች። «እሺ» አለች። «ግን ምሰሶውን ሲዞሩ ያገኘሁትን እሱን እንዳይሽሩብኝ። እሱ የላቤ ነው።»

«የማን ላብ?» አልኳት።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ከአውራጃው መልስ መጣ። የጻፈው ሰው ይቀልድ ይሁን ቅጹን ብቻ ያንብብ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ብልሽት የደረሰበት መሣሪያ ለትምህርት አገልግሎት እንዳይውል፣ ተመርምሮ እስኪወሰን ድረስም ወደ ንብረት ክፍል ገቢ እንዲሆን ይላል። ርዕሰ መምህራችን ደብዳቤ የማይጥሱ ሰው ናቸው። የቀረውን ዓመት የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ውስጥ፣ እግራቸው በተሰበረ ወንበሮች መሐል ተቀምጬ ጠመኔና ማጥፊያ ሳድል ከረምኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቤቱ የቆርቆሮ ሳይሆን የሣር ክዳን ስለነበረው ከክፍሉ ይልቅ ቀዝቀዝ ይል ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንማው መጣ። የክፍል አለቃ ሆኗል፤ ጠመኔ ሊወስድ ነው። ስድስት ፍሬ ሰጠሁትና መዝገቡን ገፋሁለት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ፈረመ። ሳይሄድ ቆመ።

«መምህር፣ እንዲያው እውነቱን ይንገሩኝ። ያ ሁሉ ባይሆን፣ እኔም ባልነጥቅዎ፣ ወረቀቴን በደንቡ ቢያርሙት ስንት አገኝ ነበር?»

ልዋሸው አሰብኩ። ከዚያ ተውኩት። «ዜሮ» አልኩት። «ቀጥ አድርገህ ያዝ የሚለውን አልጻፍከውም።»

ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነው» አለ። «ዜሮ ነው።»

ጠመኔውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። በር ላይ ደርሶ ዞረ።

«እኔ ብሆን የማርም፣ ለእርስዎም ዜሮ ነበር የምሰጥዎ፣ መምህር። ሦስት ነዶ እያወቁ አፍስሰዋል።» አንድ እግሩን ወደ ውጭ አወጣ። «ግን አራተኛውን ስነጥቅዎ አልታገሉኝም፤ ወዲያው ነው የለቀቁልኝ። ለሱ አንድ ሁለት ነጥብ ጨምሬልዎታለሁ።»